ፒንግ ያደርጋል፣ ግን አይሠራም፦ በሁለት ፎቅ መካከል የሚቆራረጥ ኔትወርክ እንዴት ይፈለጋል?

ሜክሲኮ አካባቢ ሁለት ፎቅ የተከራየ አንድ አስመጪ ድርጅት ደንበኛዬ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሒሳብና ሽያጭ ክፍል አሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ ግዢ ክፍሉና ሰርቨሩ አሉ። ሦስተኛው ፎቅ የሌላ ሰው ነው፤ የጥርስ ክሊኒክ። የሁለቱን ፎቆች ኔትወርክ የሚያገናኘው አንድ ኬብል በደረጃው ጥግ ወጥቶ ክሊኒኩን አልፎ ይሄዳል። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነው አራተኛ ፎቅ ሰርቨር ላይ ነው። ፒችትሪ የሚጠቀሙት ሰዎች ያሉት ግን ሁለተኛ ፎቅ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሒሳብ ኃላፊዋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ሲደውሉ ሰላምታ አያስቀድሙም። «ልጄ፣ ዛሬም ሄደብኝ» ይሉኛል። ታክሲ ይዤ እደርሳለሁ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን ስከፍተው ያለምንም ችግር ይሠራል። «አንተን ይፈራል» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ። ከሕንፃው ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ስልኬ እንደገና ይጮኻል።

ጨርሶ የሞተ ኔትወርክ አያስቸግርም። ወይ ኬብል ተነቅሏል፣ ወይ ዕቃ ተቃጥሏል፤ ታገኘዋለህ። ሰው የሚያደርቀው የሚቆራረጠው ነው። እኔ ይህን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሦስት ጊዜ የተመላለስኩት ቅደም ተከተሉን ስለሳትኩ ስለሆነ፣ እናንተ እንዳትስቱት በደንብ እነግራችኋለሁ።

ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኼ ነበር። ገና እንደደረስኩ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ሪስታርት ማስረጃ ያጠፋል። ኮምፒውተሩ የያዘው ጊዜያዊ የመንገድ መረጃ፣ ራውተሩ የመዘገበው ግንኙነት፣ ሁሉም ይታጠባል። ሌባው የረገጠበትን መሬት እንደመጥረግ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። ሁሉም ሰው ጋ ነው የሚቆመው ወይስ አንድ ሰው ጋ? ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል ወይስ ሰርቨሩ ብቻ? ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ የሚሠራ ሰውስ ይቆምበታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ስንት ሰዓት ላይ? «አልፎ አልፎ» የሚባል መልስ አትቀበሉ። ለኃላፊዋ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጥቼ በቆመ ቁጥር ሰዓቱን እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። በሳምንቱ ወረቀቱን ሳይ 7፡10፣ 7፡05፣ 4፡40፣ 7፡15 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ነው። ከምሳ መልስ፣ ከሻይ ሰዓት መልስ ማለት ነው። ሲሠሩ ሳለ አይቆምም። ትተውት ሄደው ሲመለሱ ነው የሚቆመው።

ያቺ ወረቀት ከነበረኝ መሣሪያ ሁሉ በለጠች።

ሥዕሉን ሳሉ

ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ። በጭንቅላት የሚሆን ነገር አይደለም። የዚህ ቢሮ ሥዕል ይህን ይመስል ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ኔትወርክ ነው፤ ማስኩ (የትኞቹ አድራሻዎች የዚያው ኔትወርክ ጎረቤቶች እንደሆኑ የሚለየው ቁጥር) 255.255.255.0። የኮምፒውተሮቹ ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚሄደው ሁሉ የሚወጣበት በር፣ ኢንተርኔቱ የሚገባበት ሳጥን ነው፣ 192.168.1.1። አራተኛ ፎቅ 192.168.10 ነው። የዚያ ጌትዌይ አንዲት ማይክሮቲክ ራውተር ናት፣ 192.168.10.1። የማይክሮቲኳ ሌላኛው እግር ደግሞ በደረጃው ኬብል ወርዶ ሁለተኛ ፎቅ ስዊች (የፎቁን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ተሰክቷል፤ እዚያ አድራሻዋ 192.168.1.2 ነው። ሰርቨሩ 192.168.10.20። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የኢንተርኔቱ ሳጥን ላይ አንድ ስታቲክ ራውት (በእጅ የተጻፈ መንገድ) ጽፏል፦ «ወደ 192.168.10 የሚሄድ ካለ ለ192.168.1.2 ስጠው»።

ሲያዩት ምንም አይጎድለውም። እኔም ሁለት ጊዜ አይቼ አልፌዋለሁ።

ከቅርብ ወደ ሩቅ

ኬብሉን አስቀድማችሁ ከመንገድ አውጡት። የኔትወርክ ኬብል ከስዊች እስከ ኮምፒውተር 100 ሜትር ነው ገደቡ። ከሊፍት ሞተርና ከወፍራም የመብራት ገመድ ጎን ለጎን ከሄደ ይረበሻል። ስዊቹ ላይ ፖርቱ በስንት ፍጥነት እንደተያያዘ እዩ። ጊጋቢት መሆን ሲገባው 100 ላይ ከወረደ፣ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ በትክክል አልተነካም ማለት ሊሆን ይችላል፤ 100 የሚሠራው በአራት ሽቦ ነውና። የእኛ ኬብል ደህና ነበር።

ከዚያ ፒንግ፤ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ ጥያቄ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ዊንዶውስ አራት ጊዜ ልኮ ያቆማል፤ ለሚቆራረጥ ነገር አራት ምንም አይደለም። ሳያቋርጥ እንዲልክ በሚያደርገው በቲ ምርጫው አስጀምሩት። ሦስት መስኮት ክፈቱና አንዱ ወደ ራሳችሁ ጌትዌይ፣ ሁለተኛው ወደ ማይክሮቲኳ 192.168.1.2፣ ሦስተኛው ወደ ሰርቨሩ ይላክ። ጎን ለጎን ደርድሯቸውና ሥራችሁን ሥሩ። ሦስቱም አንድ ላይ ከተቋረጡ ችግሩ እናንተ ጋ ነው፤ ኬብል፣ ስዊች ወይም ዋይፋይ። ሦስተኛው ብቻ ከተቋረጠ ከማይክሮቲኳ ወዲያ ወይም ወደ ሰርቨሩ በተጻፈው መንገድ ላይ ነው።

የሚመጣውን መልስ ደግሞ አንብቡት። ብዙ ሰው ቀይ መብራት ያየ ያህል «አልሠራም» ብሎ ያልፋል። «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ካለ ልካችኋል፣ መልስ ግን አልመጣም፤ የት እንደቀረ አይታወቅም። ሲሄድም ሊሆን ይችላል፣ ሲመለስም። «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» ካለ ግን የሆነ አካል «መድረስ አልቻልኩም» ብሎ በግልጽ መልሷል። ያንን የነገራችሁን አድራሻ እዩ። የራሳችሁ ኮምፒውተር አድራሻ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን በር እንኳ አላገኘም። የራውተር አድራሻ ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ደህና ነው።

እኛ ጋ ሦስቱም መስኮት አንድም አልዘለሉም። ፒችትሪው ቆሞ ሳለ ፒንጉ ይመላለሳል። «በቃ ፕሮግራሙ ነው እንግዲህ» ብዬ ሁለተኛውን ጉብኝት በዚሁ ጨረስኩ። ተሳስቻለሁ።

ሲሄድ በአንድ በር፣ ሲመለስ በሌላ

በሦስተኛው ቀን ከምሳ ሰዓት በፊት ሄድኩ። ኃላፊዋ ፒችትሪውን ሳይዘጉ ወደ ምሳ ሲሄዱ ማንም ኮምፒውተራቸውን እንዳይነካ ብለን ተስማማን። ትንሽ ቀደም ብዬ፣ እየሠራ ሳለ፣ ወደ ሰርቨሩ ትሬስርት አድርጌ ነበር፤ በመንገድ ላይ ያሉትን ራውተሮች በተራ የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። ሁለት መስመር መጣ፦ 192.168.1.2፣ ከዚያ ሰርቨሩ። ከምሳ ሲመለሱ እንደተለመደው ቆመ። ወዲያው እንደገና ትሬስርት አደረግኩ። አሁን ሦስት መስመር፦ 192.168.1.1፣ 192.168.1.2፣ ሰርቨሩ።

ሲሠራ ሁለት፣ ሲቆም ሦስት። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ማንኛችሁም በአንድ ደቂቃ ታዩታላችሁ። የፒንጉ መልስ መጨረሻ ላይ ቲቲኤል የሚባል ቁጥር አለ። ዊንዶውስ ሲልክ ከ128 ይጀምራል፣ ሊነክስ ደግሞ ባብዛኛው ከ64። በእያንዳንዱ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነሳል። ሰርቨራችን ዊንዶውስ ነው፤ የመጣልኝ ቁጥር 127 ነው። ማለትም ሲመለስ ያለፈው በአንድ ራውተር ብቻ ነው። ሲሄድ ግን በሁለት ነው። ሲሄድበትና ሲመለስበት መንገዱ ይለያያል ማለት ነው።

ሥዕሉን እንደገና እዩት። ከኃላፊዋ ኮምፒውተር የተነሣው ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ጌትዌዩን 192.168.1.1ን ያገኛል። እሱ ለ192.168.1.2 ይሰጣል። ማይክሮቲኳ ለሰርቨሩ ታደርሳለች። ሰርቨሩ ሲመልስ ለማይክሮቲኳ ይሰጣል። እሷ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ የራሷ እግር አላት፤ 192.168.1.1ን ምን አስፈለጋት? መልሱን በቀጥታ ለኮምፒውተሩ ታቀብላለች።

እዚህ ላይ የሕንፃ ጥበቃ አስቡ። ጥንቁቅ ጥበቃ ነው፣ የሚወጣና የሚገባውን በመዝገብ ይይዛል። አንድ ሰው በእሱ በር ሲወጣ አየ። ሰውዬው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። ቀጥሎ እንደገና በዋናው በር ሊወጣ መጣ። ጥበቃው «ቆይ፣ አንተ መቼ ገባህና ነው የምትወጣው?» ብሎ ያስቆመዋል። በኢንተርኔቱ ሳጥን ውስጥ ያለው ፋየርዎል ያደረገው ይህንኑ ነው። የግንኙነቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው። ግማሹን ብቻ ያየውን ግንኙነት ትክክል አይደለም ብሎ ይጥለዋል። ፒንግ ግን አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ለእሱ እንደ አዲስ ወጪ ነው፤ ያሳልፈዋል። ለዚህ ነው ፒንግ እየሠራ ፒችትሪ የሚቆመው።

ታዲያ ጠዋት ጠዋት ለምን ይሠራል? ራውተር የተቀበለውን ፓኬት በገባበት በዚያው በኩል መልሶ የሚያወጣ ከሆነ፣ ለላኪው «እኔን አታድክመኝ፣ 192.168.1.2 አጠገብህ ነው፣ በቀጥታ ስጠው» የሚል መልእክት ሊልክ ይችላል። አይሲኤምፒ ሪዳይሬክት ይባላል። ኮምፒውተሩ ምክሩን ከሰማ አቋራጩን ይይዛል፣ ጥበቃውን አያገኘውም፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ያን አቋራጭ ግን ለጊዜው ነው የሚያስታውሰው። ሰው ምሳ ሄዶ ዝም ሲል ይረሳዋል። ከምሳ በፊት ተከፍቶ የቆየው ግንኙነት ከምሳ መልስ በዋናው በር ለመውጣት ይሞክርና ይያዛል። እኔ ስመጣ ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደ አዲስ ስለምከፍተው ምክሩ እንደገና ይመጣል፤ ይሠራል። እኔን ፈርቶ አልነበረም።

መፍትሔው

ለዚያች ቀን ማስታገሻ የሚሆነው በኃላፊዋ ኮምፒውተር ላይ ቋሚ መንገድ መጻፍ ነው። በራውት አድ ትእዛዝ፣ ወደ 192.168.10.0 ማስክ 255.255.255.0 የሚሄደው በ192.168.1.2 በኩል ይሁን ብላችሁ። የፒ ምርጫውን አትርሱ፤ ካለሱ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለሦስት ኮምፒውተር ይሆናል። ለአሥራ አምስት ኮምፒውተር ግን አዲስ ላፕቶፕ በተገዛ ቁጥር ትጠራላችሁ። ዲኤችሲፒ ሰርቨራችሁ (ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያድለው) ከፈቀደ ይህንኑ መንገድ በ121ኛው ኦፕሽን ለሁሉም ማደል ይቻላል። የእኛ የኢንተርኔት ሳጥን አይፈቅድም።

እኔ የመረጥኩት ማይክሮቲኳን የሁለቱም ፎቅ ጌትዌይ ማድረግ ነው። መሄጃውም መመለሻውም አንድ በር ይሁን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የኢንተርኔቱን ሳጥን አድራሻ ወደ 192.168.100.1 ቀየርኩት። ከሁለተኛ ፎቅ ስዊች ነቅዬ ለብቻው ወደ ማይክሮቲኳ ሌላ ፖርት ወሰድኩት፤ እዚያ እሷ 192.168.100.2 ሆነች። የድሮውን 192.168.1.1 ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላለው እግሯ ሰጠኋት። ይህን ያደረግኩት በምክንያት ነው። ፕሪንተሩና የጣት አሻራ መፈረሚያው ጌትዌያቸው በእጅ የተሞላ ነው፤ አድራሻው ካልተቀየረ እነሱን መነካካት አያስፈልግም። የድሮው ሳጥን ያድል የነበረውን ዲኤችሲፒም አጥፍቼ ማይክሮቲኳ ላይ ከፈትኩ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ወደ ኢንተርኔት ለሚወጣው የማስከሬድ ሕግ (የውስጥ አድራሻን በራውተሩ አድራሻ የሚተካው) ስትጽፉ መውጫ ፖርቱን ለይታችሁ ጻፉ። ፖርት ሳይለይ ከተጻፈ በሁለቱ ፎቆች መካከል የሚያልፈውንም ይሸፍናል፤ ሰርቨሩ የሁለተኛ ፎቅን ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ያየዋል። አንዳንድ ባለሙያ እንዲያውም ሆን ብሎ ያደርገዋል፣ የመመለሻ መንገዱን ስለሚያስተካክልለት። ለእኔ ግን ቁስልን በፋሻ ሸፍኖ መተው ነው። ነገ ማን ሰርቨሩን እንደነካ ማወቅ ስትፈልጉ አድራሻው የራውተሩ ይሆንባችኋል።

ካልሆነስ?

የእናንተ ችግር ሌላ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ቢሮዎች ላይ ያጋጠሙኝን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ።

ቁጥር አንዱ መርካቶ ተገዝታ የመጣች ትንሽ ዋይፋይ ራውተር ናት። አንድ ሠራተኛ ስልኩ እንዲይዝለት ያመጣትና ኬብሉን የተሳሳተው ቀዳዳ ላይ ይሰካታል። ከዚያ እሷም አድራሻ ማደል ትጀምራለች። አንዳንዱ ኮምፒውተር ከእሷ፣ አንዳንዱ ከዋናው ይወስዳል፤ ማን ከማን እንደሚወስድ ዕጣ ነው። የቆመበት ኮምፒውተር ላይ አይፒኮንፊግን ከኦል ጋር አድርጉና «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» የሚለውን መስመር ከሚሠራው ኮምፒውተር ጋር አስተያዩ። ከተለያየ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ማለት ነው። አድራሻዋ ራሱ 192.168.1.1 ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ በኤአርፒ ዝርዝር (የትኛው አድራሻ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ኮምፒውተሩ የያዘው መዝገብ) ላይ የጌትዌዩ ማክ አድራሻ (የዕቃው መለያ ቁጥር) ሲለዋወጥ ታያላችሁ።

ላፕቶፕ በኬብልም በዋይፋይም ተገናኝቶ ሁለት ጌትዌይ ሲይዝ ዊንዶውስ አንዱን ይመርጣል። ኬብሉ ሲወዛወዝ ወደ ሌላው ይዘላል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አንድ ቀን ሞክሩት።

ከአንድ ፎቅ ሆኖ ሲሞከር የሚሠራ፣ ከሌላው ፎቅ ጨርሶ እምቢ የሚል ሼር ፎልደር ካለ ራውተሩን ተዉት። የዊንዶውስ ፋየርዎል «ፕራይቬት» ብሎ በመዘገበው ኔትወርክ ላይ የፋይል ሼሪንግንና የፒንግን ፈቃድ ለራሱ ሰብኔት፣ ማለትም ለራሱ ፎቅ ኔትወርክ፣ ብቻ አድርጎ ነው የሚሰጠው። ሕጉ ውስጥ ገብታችሁ የሌላውን ፎቅ ኔትወርክ ጨምሩለት። ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት ይቀላል፤ አታጥፉት።

ማስኩ 255.255.0.0 ሆኖ የተሞላ ኮምፒውተር 192.168.10ን ጎረቤቴ ነው ብሎ ያስባል። ጌትዌዩን ሳይጠይቅ በራሱ ፎቅ ላይ ይጣራል፣ ማንም አይመልስለትም። በእጅ አድራሻ በተሞላበት ቢሮ ሁሉ ይህን አንድ በአንድ እዩ።

መጋዘን ወይም ቅርንጫፍ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የግል መስመር) ካገናኛችሁ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው፣ ሁለቱም ቦታ 192.168.1 ሆኖ መገኘት። ለግል ኔትወርክ ከተተዉት አድራሻዎች በ192.168 ሥር ብቻ 256 እንዲህ ያሉ ኔትወርኮች ይወጣሉ፤ በ10 ሥር ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። እኛ ግን ሁላችንም ከፋብሪካ በመጣችው በአንዷ ላይ ነው የምንጋፋው። አንዱን ቦታ ቀይሩ፣ ሌላ መላ የለውም ባልልም ሌላው መላ ሁሉ ራስ ምታት ነው። ሁለተኛው የፓኬት መጠን ነው። ትንሽ ነገር ያልፋል፣ ትልቅ ፋይል ይቆማል፤ ገጽ ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል። በፒንግ 1472 ባይት እንዳይቆራረጥ አዝዛችሁ ላኩ፤ 28 ባይት መሸፈኛ ተጨምሮ 1500 ይሆናል። ካላለፈ እስኪያልፍ እየቀነሳችሁ ሂዱ። ባለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28ቱን ደምራችሁ ቪፒኤኑ ላይ መጠኑን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ።

መብራት ደግሞ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ሊነሣ ይችላል። አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ካያችሁ የመንገድ ችግር አይደለም። የሲስኮ ዕቃ ካላችሁ ደግሞ የጻፋችሁትን መንገድ ሴቭ ማድረጋችሁን አረጋግጡ፤ ካላደረጋችሁ እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ ብቻ ነው ዕድሜው። ለራውተሩና ለስዊቹ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ ብትኖር ብዙ ስልክ ትቀንሳለች።

ተስተካከለ ከማለታችሁ በፊት

እዚያ ቢሮ በመጨረሻ ያደረግኩት ይህን ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አራተኛ፣ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ትሬስርት አድርጌ በሁለቱም አቅጣጫ መካከል ላይ ያለው አንድ ራውተር ብቻ መሆኑን አየሁ። ፒችትሪውን ከፍተን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳንነካው ቆየን፤ ኃላፊዋ ተመልሰው አንድ ቫውቸር መዘገቡ፣ ሄደ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሥራውን ሴቭ እንዲያደርግ ነግሬ የማይክሮቲኳን መሰኪያ ነቀልኩ። ተመልሳ ስትነሣ ሁሉም ያለ እኔ እጅ ተያያዘ። አዲሱን ሥዕል ከነቀኑ ካቢኔቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው እንዲህ ቢያደርግልኝ ኖሮ የሁለት ቀን ታክሲ ይተርፈኝ ነበር።

ወር መዝጊያ ደረሰ። ስልክ አልመጣም። እኔው አላስችል ብሎኝ ደወልኩ፣ ልክ 7፡15 ላይ።

«ሥራ ላይ ነኝ ልጄ፣ በኋላ» ብለው ዘጉብኝ።